በእግሩ የወረደ ልጅ አልጋ

ርግበን ቁጭ ብላ አየሁ የሚል ሰው ካለ ታቦት ይዞ ይማል። ስትሸጥ ቆማ ነው፤ ስትበላ ቆማ ነው፤ ሰው ስትሰድብማ ጭራሽ እየዞረች ነው። ጠዋት አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ካለችው አንድ ክፍል ቤቷ ትነሳና አውቶቡሱን "ይሄ ኤሊ!" ብላ ትታው በእግሯ መደበር ትገባለች። መደበር የሚጣል ነገር የማይታወቅበት ግቢ ነው። አሮጌው በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ያለቀው ጎማ ጫማ ይሆናል፣ የጥይት ሣጥኑ ቁም ሣጥን ይሆናል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮ ያደነቁራል። እዚያ፣ ከቀጥቃጩ ከኣስፍሃ ሱቅ ጎን፣ ርግበ ያገለገሉ የሕፃናት ዕቃዎች ትነግድ ነበር።

ዕቃውማ ምን ገዶ! ጣሊያኑ አገር ሲለቅ ጥሎት ሄዷል፤ አሜሪካኑ ከጦር ሰፈሩ ከቃኘው ሲወጣ በትኖት ሄዷል፤ አሁን ደግሞ የመኮንን ሚስት ባሏ በተዛወረ ቁጥር ትሸጣለች፣ የምትተካት ትገዛለች። አንድ የሕፃን ጋሪ የሦስት ሻምበልና የአንድ ሻለቃ ልጆች አሳድጎ ተመልሶ ርግበ እጅ ሲገባ የሷው ዓይን አይቷል።

ንግዱን የተማረችው ቃኘው ውስጥ ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ አሜሪካዊ የሃምሳ አለቃ ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች። የቤቱ እመቤት ከልጅ ዕቃ የማትፈራው ነገር አልነበረም። የአልጋው ፍርግርግ ሰፋ፣ ቀለሙ ተላጠ፣ ገመዱ ረዘመ፣ አቤት ጭንቀት! ርግበ መጀመሪያ በሆዷ ትስቅ ነበር። "የኛ ልጅ አፈር ልሶ ያድጋል፣ ይቺ ሴትዮ ብረት ትፈራለች" ትል ነበር። አንድ ቀን ግን የጎረቤት ልጅ ጭንቅላቱ በአልጋው ፍርግርግ መሃል ገብቶ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ በዓይኗ አየች። ከዚያ ወዲህ አልሳቀችም።

መንግሥት እንደሆነ ለሕፃን አልጋ ሕግ አላወጣም፤ ያኔ የመንግሥት ሕግ ሁሉ ለሰዓት እላፊ ነበር። ሕጉ ርግበ ናት። የሳልሳ ጣሳ በፍርግርጉ መሃል ካለፈ አልጋውን አትሸጥም። ቀለሙን በጥፍሯም በቁልፏም ትፍቀዋለች፤ ከተላጠ አትሸጥም። ጋሪውን ድንጋይ ጭና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዛ ትለቀዋለች፤ ከተንሸራተተ አትሸጥም። "ግድ የለም፣ እኔ አጥብቄ እይዘዋለሁ" ያለቻት ደንበኛ ነበረች። "አንቺንስ ማን ይይዝሻል?" ብላ ጋሪውን ከእጇ ነጠቀቻት።

ገዢዎቹ ግን ስለ ጣሳውም ስለ ቀለሙም ደንታ የላቸውም። እነሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ "በእግሩ ወርዷል?" አልጋው ላይ የተኛው ልጅ አድጎ፣ በራሱ እግር ወርዶ ሄዷል ወይ ማለታቸው ነው። የሞተ ልጅ አልጋ በነጻም ቢሰጥ የሚነካው የለም። ዕድሉ ይጋባል ይላሉ። በዚህ አስመሬዋም፣ ከመሃል አገር የመጣችው የመኮንን ሚስትም፣ ክርስቲያኗም እስላሟም አንድ ናቸው። ርግበም ከሻጩ ቤት ሄዳ፣ ልጁን በዓይኗ ካላየች አልጋ አትገዛም። እሷ "በእግሩ ወርዷል" ካለች አለቀ፤ ሌላ መሐላ አይጠየቅም። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ይህ ቃሏ አንድ ቀን አልታጠፈም።

አንድ የማትሸጠው አልጋ ነበራት። ያቺው አሜሪካዊት የሰጠቻት ነው፤ የራሷ ልጅ ተኽኣ ያደገበት። ቤቷ ውስጥ ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ታዲያ ቤት ፍተሻ በመጣ ቁጥር ወታደሮቹ ላስቲኩን ይገልጡና "ልጁስ?" ይላሉ።

"አድጓል።"

"የት ነው?"

"ሱዳን። ካርቱም ጋራዥ ይሠራል።"

የካርቱሙ ነገር ውሸት ነው። ተኽኣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ደብተሩን እንደያዘ ወጥቶ ሜዳ ገብቷል፤ ተዋጊዎቹ ጋ። ይኸው ስድስት ዓመት። ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት በሰፈሩ ብዙ ናት፤ ሁሉም "ሱዳን ነው" ትላለች፣ ሁሉም ጎረቤት ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በሰባ ስድስት የካቲት የመጣው ፈታሽ ግን እንደ ሌሎቹ ጠይቆ ዝም አላለም፤ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። "ባዶ የልጅ አልጋ፣ ልጅ የለም" ብሎ ጻፈ። ርግበ ያን ሌሊት አልተኛችም። ነገር ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ጠዋት አልጋውን በጋሪ አስጭና ኣስፍሃ ዘንድ ወሰደችው።

"ዝገቱን ጥረግልኝና ቀባልኝ። ልሸጠው ነው።"

ኣስፍሃ አልጋውን ተቀብሎ ዝገቱን መጥረግ ጀመረ። ነገሩን ያውቃል። በከተማው ቀለም ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ ግን ከምጽዋ ከሚመላለስ ሾፌር አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ገዝቶ ነበር። ላዩ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት ሞልቶበታል፤ እሱም እሷም አያነቡትም። ቀለሙ ቀይ፣ ደስ የሚል ቀይ ነው። ሲደርቅ ርግበ እንደ ደንቧ በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልተላጠም። በቁልፏ ፋቀችው፤ ወይ ፍንክች! "እንዲህ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም" አለች፤ እሷ ደግሞ ምስጋና ከአፏ በቀላሉ የሚወጣ ሰው አልነበረችም።

ሰኞ ዕለት ወርቅውሃ መጣች። የሻምበል ሚስት ናት፣ የጎጃም ልጅ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ፤ ቃኘው ግቢ ነው የምትኖረው። የስምንት ወር ልጇን እሸቱን ታቅፋዋለች። ጥርስ ሊያወጣ ነውና ለሃጩ የእናቱን ትከሻ አርሶታል፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

"አደይ ርግበ፣ እናቴ፣ ይሄ ቀዩ ያምራል። በእግሩ ወርዷል?"

"የራሴ ልጅ ነው የወረደበት" አለች ርግበ። "ቁመቱ ዛሬ ከዚህ በር ያልፋል። ሱዳን ነው። ቀለሙን ደግሞ በቢላ ብትፍቂው አይላጥም፣ እይ!"

ወርቅውሃ ሳመቻት። የመጣችበት ጂፕ አልጋውን ጭኖ ሄደ። ርግበ በዚያ ቀን ያለ ምክንያት አራት ሰው ሰደበች፤ ከዚያ ደግሞ ሦስቱን ይቅርታ ጠየቀች።

ረቡዕ ጠዋት ገረዝጊሄር የሚባል ሽማግሌ ምድጃ ሊያስጠግን መደበር መጣ። ምጽዋ ወደብ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ኣስፍሃ በተረፈው ቀለም የአንድ ሰው የውጭ በር ሲቀባ ቆሞ አየና ሳቁን ለቀቀው።

"ኣንታ፣ መርከቧስ የታለች?"

"የምን መርከብ?"

"ይሄ እኮ የመርከብ ሆድ ቀለም ነው! ውሃ ውስጥ የሚገባው ሆዷ የሚቀባው። ስንት መርከብ ቀብቼበታለሁ። ዛጎሉና የባሕር አረሙ እየተጣበቀ መርከብ ያከብዳል፤ ስለዚህ የተጣበቀውን የሚገድል መርዝ አለበት። አንድ ጓደኛችን እጁን ሳይታጠብ ምሳ በልቶ ስንት ቀን ሲያስታውክ ከረመ!"

ርግበ ቀስ ብላ ተጠጋች። "አይላጥም እኮ" አለች። "በቁልፍ ፍቄዋለሁ።"

"ደረቁን ነዋ የፋቅሽው። ደረቁ ድንጋይ ነው። ሲረጥብ ነው ቀስ እያለ የሚለቀው፤ ሥራው ይሄ አይደል እንዴ?"

"ልጅ ቢልሰውስ?"

"ልጅ ምን ቆርጦት መርከብ ሥር ይገባል?" ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ። ኣስፍሃ ብሩሹን ጣለ።

ጥፍሯም ቁልፏም ደረቅ ነበሩ፤ ምራቅ አላሰበችም። የሕፃን አልጋ የምትነግድ ሴት ምራቅ ትረሳለች? "እኔ ልደፋ! እኔ ዓይነ ስውር!" እያለች ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ቃኘው ዝም ብሎ እንደማይገባ ታውቃለችና፣ መንገድ ላይ ትዝ ሲላት ተመልሳ ከዕቃዋ መሃል አንድ ፖፖ አነሳች።

በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር አስቆማት።

"ወዴት ነው እማማ?"

"ሻምበል ቤት።"

"የትኛው ሻምበል? እዚህ ሻምበል እንደ አሸዋ ነው።"

"የወርቅውሃ ባል። ዕቃዋን ላደርስ ነው።"

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"ፖፖ።"

ወታደሩ ፖፖውን አገላብጦ አየ፤ ከሥሩም አየ፤ ከውስጡም አየ።

"አይዞህ፣ ለአንተ አይደለም፤ ለልጁ ነው" አለችው። እሱ ሳቀ፤ ሌላ ወታደር ጠርቶ አስከትሎ አስገባት። አጃቢው ግን እየሮጠ ነበር የሚከተላት፤ ስምንት ዓመት ስትወለውለው የኖረችው ግቢ ነው፣ መንገድ የሚያሳያት አያስፈልጋትም።

ወርቅውሃ በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ። "አደይ ርግበ! ምን እግር ጣለዎት?" ጓሮው በር ላይ ኣብርሄት ልብስ ታጥባለች። ኣብርሄት የርግበ የዓኽርያ ጎረቤት ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለመኮንኖች ቤት ታጥባለች። ርግበ ሁለቱንም ሰላም አላለችም። ያየችው ልጁን ነው። እሸቱ ፍርግርጉን ይዞ ቆሞ የላይኛውን ብረት በድዱ ይግጣል። ከንፈሩ ቀልቷል፣ አገጩ ቀልቷል፣ የሸሚዙ ደረት ቀልቷል።

ዘላ አነሳችው፤ በነጠላዋ አፉን ጠረገችው። ልጁ ጮኸ።

"ምነው! ምን ሆኑ?"

"ወርቅዬ፣ ልጄ፣ ቀለሙ መርዝ ነው። የመርከብ ቀለም ነው፤ ዛሬ ነው ያወቅሁት። አስታውኳል?"

"ከትናንት ጀምሮ። ጥርስ ነው እኮ።"

"ጥርስ አይደለም! አልጋውን ልውሰደው፤ ዛሬውኑ ሌላ አመጣልሻለሁ፤ ልጁን አሁን ሐኪም ቤት ውሰጂው።"

የወርቅውሃ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ። "ማን ነው የበለጠ ከፍሎ የጠየቀዎት?"

"ማንም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

"ሰኞ 'በቢላ ብትፍቂው አይላጥም' ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? ዛሬ መርዝ ሆነ? ሻምበል ግንባር ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ልጁን አልጋው ላይ ተኝቶ ሊያየው ቃል ገብቼለታለሁ። ልጄ ከተወለደ ሌሊቱን ሳያለቅስ ያደረው ሰኞ ብቻ ነው። ቀለም ብሎ ነገር! እኔ የእናቴን ግድግዳ ጭቃ እየላስኩ ነው ያደግሁት፤ ምን ሆንኩ?"

"ወርቅዬ፣ አፈር ስሆን—"

"ቅዳሜ ሻምበል ሲመጣ ይንገሩት።"

ልጁን ከርግበ እጅ ወሰደችና፣ እልህ ይዟት፣ መልሳ አልጋው ላይ አቆመችው። እሸቱ እንባው ሳይደርቅ ብረቱን ጨበጠ፤ አፉን ከፈተ።

እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ነው። ርግበ ልጁን ነጥቃ ብትሮጥ የትም አትደርስም፤ አጃቢው በር ላይ ቆሟል። ብትጮህ እብድ ናት ብለው ያስወጧታል። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ ብንል ደግ ነበር፤ እሷም በኋላ እንደዚያ ብላ መጽናናት በቻለች። ግን አልቀደመም። አስባ ነው የተናገረችው። ይቺ ልጅ መርዝ ባትፈራም አንድ የምትፈራው ነገር እንዳለ ታውቃለች።

"ዋሽቼሽ ነው" አለች። "ተኽኣ ልጄ ሱዳን አይደለም። ሞቷል። የሞተ ልጅ አልጋ ነው የሸጥኩልሽ።"

ጓሮ በር ላይ የኣብርሄት ባልዲ ተደፋ።

ወርቅውሃ ለአፍታ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ልጇን ከአልጋው ላይ እንዴት እንዳነሳችው አልታየም፤ እቅፏ ውስጥ ነበር። "በስመአብ! በስመአብ ወወልድ! አንቺ ሴት! አንቺ ጨካኝ! ልጄን የሞተ ልጅ አልጋ ላይ?" እርስዎ ማለቷ ቀርቶ አንቺ ሆነ። "ለዚህ ነው የታመመብኝ! አውጣው ይሄን!" ብላ አጃቢው ላይ ጮኸች። "ከግቢው አውጣው! ይቺንም አውጣት! ለመኮንን ሚስት ሁሉ እናገራለሁ፤ አንዲት ሴት ከዚህ ግቢ አንቺ ጋ ብትደርስ ምን አለ በይኝ!"

"ተናገሪ" አለች ርግበ። "ግን ሐኪም ቤት ውሰጂው። ቀለም በልቷል በያቸው። ቀለም ማለትሽን አትርሺ።"

ወርቅውሃ ጫማ ሳታደርግ ወጥታ ወደ ጦሩ ሐኪም ቤት ሮጠች። ርግበ ኣብርሄትን ዘወር ብላ አየቻት። ኣብርሄት በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ለተኽኣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይቻልም። ርግበ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አይደለም፣ አይደለም ለማለት። ወታደሩ "ነይ ውጪ" ብሎ ክንዷን ያዛት።

አልጋውን በር ላይ ወረወሩላት። በጋሪ አስጭና መደበር አደረሰችው፤ ኣስፍሃም በመጋዝ ቆራርጦት የተረፈውን ቀለም ከነቆርቆሮው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። እሷ ብረቱ ሲቆረጥ ዙሪያውን ትዞራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "አፈር በአፌ" ትላለች፣ ትተፋለች፣ ደግሞ "አፈር በአፌ" ትላለች። በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ሞት መጥራት ምን እንደሆነ ለሰው ስታስተምር የኖረች እሷ ናት። ንግዱ ይቅር፤ ነገ ሌላ ነገር ትሸጣለች። ግን ያን ቃል ከየት ትመልሰዋለች? በማግስቱ በማለዳ ኣብርሄትን አግኝታ ልትነግራት አሰበች።

አልቀደመቻቸውም። ሐሙስ ጠዋት በሯን ስትከፍት የሰፈሩ ሴቶች ውጭ ቆመዋል። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀዋል። ሰባት ስምንት ይሆናሉ። አንዷም ድምፅ አላወጣችም፤ ሜዳ ለወጣ ልጅ እዬዬ ካሉ ቀበሌ ይሰማል። አንድ በአንድ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ያለ ድምፅ ያለቅሱ ጀመር።

"ምንድን ነው? ተነሱ! አልሞተም!" አለች ርግበ።

"ርግበ ሓፍተይ፣ እህቴ" አለች ኣብርሄት እጇን ይዛ። "ከአፍሽ ነው የሰማሁት። ይህን ያህል ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው!"

"ለአልጋው ብዬ ነው! ልጁ መርዝ ይልስ ነበር፤ አልጋውን አልሰጥም ስትለኝ ነው ያልኩት!"

"ልጁስ ተርፏል። ማታ ጭራሽ ጡት ጠብቷል፣ ሐኪሞቹ ሆዱን አጥበውለት። አንቺ አሁን ስለ ሰው ልጅ አታስቢ።"

"ውሸት ነው እያልኩሽ!"

ከሁሉም የምትበልጠው ሴት ቀና አለች። ሁለት ልጆች ሜዳ አሏት፤ የአንዱን ሞት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሰማችው። "እኔም እንዲህ ነበር ያልኩት" አለች በቀስታ። "አልሞተም እያልኩ ነበር የማባርራቸው። እናት ያልሞተውን ሞተ አትልም፣ ርግበ። ለአልጋ ብላ እንዲህ የምትል እናት የለችም።"

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነታቸውን ነው፤ ትናንት ጠዋት ቢጠይቋት እሷም እንዲሁ ትል ነበር።

"አልሞተም" አለች እንደገና።

"ከማን ሰማሽ?" አለች ኣብርሄት፤ ተስፋ ይዟት፣ ቀና ብላ። ሁሉም ነጠላውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። "ሰው መጣ? ወሬ ላከልሽ?"

ስድስት ዓመት ሙሉ ርግበን ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

"ማንም አልነገረኝም" አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው ሸፈኑ፤ ርግበም አብራቸው አለቀሰች።